ከጾም ማዕድ የተረፈው ለማን ይሁን?

ዐቢይ ጾም ሲፈጸምና የትንሣኤ በዓል ከደጅ ሲደርስ በየቤቱ የሚነሣው ወግ ስለ ምግብ መሆኑ የታወቀ ነው። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ዕንቁላሉ፣ በጉና ድፎው በየተራ ይነሣሉ፤ ዋጋቸውም አብሮ ይነሣል። 55 ቀን ከጥሉላት ተለይቶ የከረመ ቤተሰብ ስለ መፈሰኪያው ቢያስብ የሚያስነቅፈው አይሆንም። ይሁን እንጂ እኛ በዛሬው የበዓል ገጻችን ስለ ፍስክ ምግብ ሳይሆን ስለ ጾም ምግብ፣ ያውም ስለ ራሳችን ሳይሆን ስለ ሌላ ሕዝብ የጾም ምግብ ጥቂት ማለት መርጠናል። ምግቡ የህንድ ነው፤ ስሙም ሳቡዳና ኪችዲ ይባላል። የጎረቤቱን ቤት አይቶ የተመለሰ ሰው የገዛ ቤቱን ምሰሶ በአዲስ ዓይን ይመለከታልና፣ ከዚህ ምግብ ታሪክ ለእኛም መሶብ የሚሆን ቁም ነገር አይጠፋም ብለን እናምናለን።

ሳቡዳና ማለት ከካሳቫ ሥር ከሚወጣ ስታርች የሚሠራ፣ ነጭና ድቡልቡል የሆነ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የሚተልቅ ከሽምብራ የሚያንስ ቅንጣት ነው። ሲደርቅ እንደ ዶቃ ይጠጥራል፤ ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ እሳት ሲነካው ደግሞ ነጭነቱን ትቶ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል። ኪችዲ የሚለው ቃል በህንድ አገር ሩዝና ምስር ባንድነት የሚቀቀሉበት የዘወትር ምግብ ስም ነው። በጾም ቀን ሩዙም ምስሩም ስለሚቀሩ ሳቡዳናው ቦታቸውን ተረክቦ ስማቸውን ወርሷል።

አሠራሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ትዕግሥት ይጠይቃል። የቤቱ እመቤት ቅንጣቱን ደጋግማ አጥባ ላዩ ላይ ያለውን ዱቄት ታስለቅቀዋለች። ከዚያም ውኃው በጥቂቱ ብቻ እስኪሸፍነው ድረስ አፍስሳ ለተወሰኑ ሰዓታት ወይም ሌሊቱን ሙሉ ትዘፈዝፈዋለች። ውኃው ከበዛ ምግቡ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ካነሰም ውስጡ ሳይበስል ይቀራል። አንዱን ቅንጣት በሁለት ጣት ይዘው ሲጫኑት ከፈረሰ ደርሷል ማለት ነው። ተቆልቶ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ከለወሰችበት በኋላ በንጥር ቅቤ ላይ ከሙንና ቃሪያ ታቁላላለች፤ ተቀቅሎ የተከተፈ ድንች ትጨምራለች፤ በመጨረሻም ሳቡዳናውን ከትታ ብርሃን ማሳለፍ እስኪጀምር ድረስ ለጥቂት ጊዜ ታማስለዋለች። ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ የሎሚ ጭማቂና የድንብላል ቅጠል ከገባበት በኋላ ብዙ ጊዜ ከእርጎ ጋር ይቀርባል። ጨዉም የዘወትሩ ጨው አይደለም። ለጾም ንጹሕ ነው ተብሎ የሚመረጠው «ሴንዳ ናማክ» የሚባለው፣ ከተራራ ሆድ የሚቆፈረው የድንጋይ ጨው ነው። ይህም የእኛን አሞሌ ያስታውሰናል።

ይህ ምግብ በይበልጥ የሚታወቀው በምዕራብና በመካከለኛው ህንድ፣ በተለይም በማሃራሽትራ፣ በጉጃራትና በማድያ ፕራዴሽ በሚኖሩ የሂንዱ እምነት ተከታዮች ዘንድ ነው። ከሚበላባቸው ጾሞች አንዱ ኤካዳሺ ይባላል። ትርጉሙ ዐሥራ አንደኛ ማለት ሲሆን፣ ጨረቃ ስትሞላም ስትጎድልም በ11ኛው ቀን ስለሚውል በወር ሁለት ጊዜ፣ በዓመት 24 ጊዜ ያህል ይጾማል። ክረምታቸው አልቆ ሙቀቱ ሊገባ ሲል ሌሊቱን በጸሎት የሚያሳልፉበት ማሃ ሺቫራትሪ አለ፤ ዘጠኝ ሌሊት የሚከበረው ናቫራትሪም አለ። ጾሙን ራሱን የሚጠሩበት «ኡፓቫስ» የተሰኘው የሳንስክሪት ቃል ሲተነተን «ቀርቦ መኖር» ማለት ነው። ከምግብ መራቅን በቀጥታ የሚናገር ቃል አይደለም። ጾሙን የሰየሙት አባቶች ከሚለዩት ነገር ይልቅ የሚቀርቡትን አስበው ይመስላል።

እዚህ ላይ አንባቢያችን እንዲያስተውልልን የምንሻው አንድ ነገር አለ። የህንዱ ጿሚ ሳህን በዐቢይ ጾም ወደ እኛ ቤት ቢመጣ ጾማችንን ያስገድፈናል፤ በቅቤ ተሠርቶ እርጎ ተጨምሮበት የቀረበ ነውና። የእኛ የጾም መሶብ ደግሞ በኤካዳሺ ዕለት ወደ እርሱ ቤት ቢሄድ የእርሱን ጾም ያፈርሳል፤ እንጀራው እህል፣ ሽሮውና የምስር ወጡም ጥራጥሬ ናቸውና። ብዙዎቹ ጿሚዎች በዚያ ቀን ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ስለማይቀምሱ ቁሌቱ እንኳ አይፈቀድላቸውም። እኛ ከላም የሚገኘውን ትተን ከምድር የሚታጨደውን እንበላለን፤ እነርሱ ከምድር የሚታጨደውን ትተው ከላም የሚገኘውን ይቀበላሉ። በአንዱ ማዕድ ላይ የጾም ማኅተም የሆነው ነገር በሌላው ማዕድ ላይ የፍስክ ምልክት ነው።

የእምነታችን መሠረት ከእነርሱ የተለየ መሆኑ ግልጽ ስለሆነ ሃይማኖትን ከሃይማኖት ማነጻጸር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ ማዕዶች የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ። እያንዳንዱ ሕዝብ በጾሙ የሚተወው ቤቱ ጥጋብ ብሎ የሚጠራውን ነገር ነው። በሳንስክሪት «አና» የሚለው ቃል እህልን ብቻ ሳይሆን ምግብን ሁሉ ይጠራል። እኛም «እህል ቀምሰሃል ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ስለ ጤፍና ስለ ስንዴ ብቻ መጠየቃችን አይደለም። ሩዝና ስንዴ የዕለት ኑሮው ለሆነ ሰው እህልን መተው ትልቅ ነገር ነው፤ ቅቤና ሥጋ የክብርና የደስታ ምልክት ለሆነበት ለእኛ ቤት ደግሞ ጥሉላትን መተው ትልቅ ነገር ነው። የጾሙ ክብደት ያለው በተተወው ነገር ዓይነት ሳይሆን ለተወው ሰው በነበረው ዋጋ ላይ ነው።

የሳቡዳና ታሪክ ሲመረመር ደግሞ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር ይገኛል። ይህ ጥንታዊ መስሎ የሚታይ የጾም ምግብ ከሚሠራባቸው ዋና ዋና ነገሮች አብዛኞቹ ለህንድ ምድር እንግዶች ናቸው። ካሳቫ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ኦቾሎኒው፣ ድንቹና ቃሪያውም የመጡት ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት በህንድ የኖረ ጿሚ ከእነዚህ ከአራቱ አንዱን እንኳ በዓይኑ አላየም። ከሳህኑ ላይ በዚያ አገር የቆየ ታሪክ ያላቸው ቅቤው፣ ጨዉና ከሙኑ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካሳቫን ወደ ህንድ ያስገቡት ፖርቱጋሎች ሲሆኑ፣ መጀመሪያ የተተከለውም በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ዛሬ ኬራላ በሚባለው ምድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1885 የትራቫንኮር ገዥ የነበሩት ማሃራጃ ቪሻካም ቲሩናል ተክሉ ለረሀብ ቀን መጠባበቂያ እንዲሆን ሕዝባቸው በሰፊው እንዲተክለው አበረታቱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1942 በርማን ስትይዝ ከዚያ ይመጣ የነበረው ሩዝ ተቋረጠ፤ የኬራላ ድኻም በዚህ ሥር ነፍሱን አቆየ።

ኬራላ ለእኛ ባዕድ ስም አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩን ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነበር። ከእነርሱም መካከል የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ። ይህች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ ላይ ከእኛ ጋር የተቀመጠች እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት። የሚገርመው ግን በእነዚህ ክርስቲያኖች ቤት ካሳቫ የጾም ምልክት አለመሆኑ ነው። ተቀቅሎ በበርበሬና በቅመም ከተሠራ የዓሣ ወጥ ጋር በደስታ የሚበላ የፍስክ ምግብ ነው። አንዱ ሥር በኬራላ የዓሣ ማባያ፣ በማሃራሽትራ ግን የጾም ማዕድ ሆነ። እንግዲህ ቅድስናው ከሥሩ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው።

ሥሩ ወደ ነጭ ቅንጣትነት የተለወጠበት ታሪክም ከጦርነቱ ጋር የተያያዘ ነው። ከጦርነቱ በፊት በህንድ ገበያ ይሸጥ የነበረው ቅንጣት ከማላያና ከአካባቢው ደሴቶች የሚመጣ ሲሆን፣ የሚሠራውም ሳጎ ከተባለው የዘንባባ ዓይነት ግንድ ነበር። የታሚል ተናጋሪዎች ቅንጣቱን «ጃቫሪሲ» ይሉታል፤ የጃቫ ሩዝ ማለት ነው። ጦርነቱ የባሕሩን መንገድ ሲዘጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በታሚል ናዱ ግዛት በምትገኘው በሴለም ከተማ ከካሳቫ ስታርች ያንኑ መሳይ ቅንጣት መሥራት ተጀመረ። ሥሩ ተልጦና ታጥቦ ይፈጫል፤ ወተት የሚመስለው ፈሳሽ ተጣርቶ በገንዳ ውስጥ ይተኛል፤ ከታች የዘቀጠው ስታርች እርጥብ እንዳለ እየተናጠ ይድቦለቦላል፤ ከዚያም በጋለ ብረት ላይ ተቆልቶ በፀሐይ ይሰጣል። ማጠቡና ማድረቁ ለመልክ ብቻ አይደለም። ጥሬው ካሳቫ በሰውነት ላይ መርዝነት ያለው ሳያናይድ የሚያመነጭ ነገር በውስጡ ስላለ በዚህ ሁሉ ሥራ ይወገዳል። በጋሞ፣ በጎፋና በወላይታ ካሳቫ የሚያለሙ ወገኖቻችንም ሥሩን ልጠው፣ ከትፈውና በፀሐይ አድርቀው ለዱቄት የሚያበቁት በዚሁ ጥንቃቄ ነው።

የሴለም አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1981 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የሴለም ሳጎ የአካባቢው መለያ ምርት ሆኖ በሕግ ተመዘገበ። በአጭሩ፣ ዛሬ በህንድ የጾም ሳህን ላይ የሚታየው የካሳቫ ቅንጣት በአገሩ መሠራት ከጀመረ ከ80 ዓመት ብዙም አላለፈውም።

ታዲያ አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያማ ይህ የአባቶች ወግ አይደለም፤ ከፋብሪካ የወጣ እንግዳ ነገር ነው» ብለው ምግቡን ሊያጣጥሉት ይፈልጋሉ። በእኛ አስተያየት ይህ ትችት ከሥር መሠረቱ የተሳሳተ ነው። ወግ የሚሠራው በእጅ ከተገኘው ነገር ነው። ቃሪያና በርበሬ ለእኛም አገር ከባሕር ማዶ የመጡ መሆናቸውን ብናውቅ የሽሮ ወጣችንን ከመሶባችን አናወጣውም። ጿሚዋ እናት ማታ ውኃ አፍስሳ የዘፈዘፈችው፣ ጠዋት በጣቷ ይዛ የፈተነችው፣ ልጆቿ በዚያ ቀን ሌላ ምግብ እንደማይጠይቋት አውቀው ያደጉበት ምግብ የቤቱ ወግ ነው። ተክሉ በየትኛው መርከብ መጣ የሚለው ጥያቄ ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅማል፤ ለጾሙ ግን አይጨምርለትም፤ አይቀንስበትምም።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። የጥንቱ ሥርዓት በጾም ቀን እህል አይበላም ሲል፣ ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ካሳቫን አያውቁትም ነበር። ስለዚህ ሥሩ ከባሕር ማዶ ሲመጣ በክልከላው ቃል ውስጥ አልተገኘም፤ በተከፈተው በርም ገባ። ስሙ ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ «ዳና» ማለት ፍሬ ወይም የእህል ቅንጣት ማለት ነውና። እህል ስላልሆነ የተፈቀደው ምግብ እህል መስሎ፣ የእህል ስም ይዞ፣ በእህል ቦታ ተቀመጠ። ሥርዓት ሁሉ እንዲህ ያለ ክፍተት አለው። ሰው የከለከሉትን ነገር ትቶ የተከለከለውን የሚመስል ነገር ለመፈለግ ጊዜ አይፈጅበትም። የተከለከለውን መምሰል ደግሞ ቀስ በቀስ የተከለከለውን ከማስታወስ አልፎ እርሱን ወደ መተካት ይሄዳል።

ይህን ከእኛ በፊት ያስተዋሉት ህንዳውያን ራሳቸው ናቸው። በማራቲ ቋንቋ «ጾሙ ኤካዳሺ፣ መብሉ እጥፍ» የሚል መንፈስ ያለው የቆየ አባባል አለ፤ በጾም ስም ከዘወትር አብልጦ የሚበላውን ሰው መውጊያ ነው። ማህተመ ጋንዲም በግለ ታሪካቸው ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ ጽፈዋል። በጾም ቀን በፍራፍሬና በተፈቀዱ ምግቦች ብቻ መዋል ሲጀምሩ፣ ምላስ በእነዚያም ምግቦች እንደ ዘወትሩ፣ እንዲያውም ከዘወትሩ በበለጠ ሊደሰት እንደሚችል ተገነዘቡ። ስለዚህ ጨርሶ መጾምን ወይም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መብላትን መረጡ። የምላስ ተንኰል ከምግቡ ዓይነት እንደማይገታ የተገነዘቡት በገዛ ማዕዳቸው ፈትነው ነው።

ገበያውም ከምላስ አያንስም። በናቫራትሪ ወቅት በህንድ ከተሞች ያሉ ምግብ ቤቶች ልዩ የጾም ማዕድ ያቀርባሉ፤ በሱቅም የጾም ጥብስ፣ የጾም ጣፋጭና የጾም ቁርስ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ጿሚ ገዢ ነጩን ቅንጣት ከደብዛዛው ለይቶ ይመርጣል፤ ነጭ ሲሆን የጠራ ይመስለዋልና። አንዳንድ አምራቾችም ይህን አይተው ስታርቹን በኬሚካል ማንጣት፣ ከዚያም አልፈው ርካሽ የበቆሎ ስታርች መቀላቀል ጀመሩ። የሴለም አካባቢ የምግብ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች በተለያዩ ዓመታት በእንዲህ ዓይነት ፋብሪካዎች ላይ እርምጃ ወስደዋል። በቆሎ እህል መሆኑን አንዘንጋ። ከእህል ልጹም ብሎ የገዛው ሰው ሳያውቅ እህል በላ፤ ንጽሕናን በዓይኑ ብቻ ሲፈልግ ከንጽሕናው ጎደለ። ይህ የምግብ ቁጥጥር ጉዳይ ብቻ አይመስለንም። ከውጭ የነጣ ጾም ከውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያስተምር ምሳሌ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ግን የሳቡዳናን ሳህን ወደ መኰነን አንሄድም። ለዚህ ምግብ ሊሰጠው የሚገባ ምስጋና አለ። ጾም በገዳም ብቻ አይጾምም። በእርሻ ላይ የሚውል ገበሬ፣ ሸክም የሚሸከም ሠራተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊና ሕፃን ባሉበት ቤት ይጾማል። ደረቅ ሳቡዳና 100 ግራሙ ወደ 360 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ይሰጣል። ፕሮቲኑ ግን 1 ግራም እንኳ አይሞላም። የጎደለውን የሚሞላው በ100 ግራም ውስጥ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ያለው ኦቾሎኒ ነው። ሁለቱን ያጋባቸው የባልትና ዕውቀት የላቦራቶሪ ዕውቀት ሳይመጣ የሠራ ዕውቀት ነው። እርግጥ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስታርቹ በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ቶሎ ከፍ ስለሚያደርግበት ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በጥቅሉ ግን ይህ ምግብ ደካማውን ከጾመኞች ማኅበር ሳይለይ ያኖረ የርኅራኄ ምግብ ነው።

ይህ ርኅራኄ በግልጽ የሚታየው በፓንዳርፑር መንገድ ላይ ነው። በማሃራሽትራ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዝናቡ ወራት መግቢያ፣ እጅግ ብዙ ምእመናን ከአላንዲና ከዴሁ ተነሥተው ወደ ፓንዳርፑር ቤተ መቅደስ በእግራቸው ይጓዛሉ። ጉዞው ወደ ሦስት ሳምንት ይጠጋል፤ የሚደርሱትም ለአሻዲ ኤካዳሺ ነው። በመንገዱ ዳር የሚኖር ሕዝብ ለተጓዡ ውኃና ምግብ ይዞ ይወጣል፤ የጾሙ ቀን ሲደርስም የሚታደለው ይኸው የሳቡዳና ኪችዲ ነው። እግሩ የቆሰለ ገበሬ ከማያውቀው ሰው እጅ አንድ እፍኝ ተቀብሎ ሲበላ፣ ያ ምግብ በከተማ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካለው ወንድሙ ጋር በስም ብቻ ይገናኛል። ቅንጣቱ አንድ ነው፤ ቅቤውም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ባለፈው ነገር ላይ ነው።

የጋንዲ እናት የወይዘሮ ፑትሊባይም ታሪክ እዚህ ላይ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ልጃቸው እንደጻፉት፣ እኒህ እናት በአንድ የዝናብ ወቅት ፀሐይን ሳያዩ ላለመብላት ተሳሉ። ሰማዩ በደመና በተሸፈነባቸው ቀናት ልጆቻቸው ደጅ ቆመው ይጠብቁና ፀሐይ ብቅ ስትል ሮጠው ይነግሯቸዋል። እርሳቸው እስኪወጡ ግን ደመናው መልሶ ይሸፍናታል። እናትየውም ፈጣሪ ዛሬ እንድበላ አልፈቀደም ብለው በፈገግታ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። ይህን ጾም ትልቅ ያደረገው የረሀቡ ብዛት ብቻ አይመስለንም። ጿሚዋ በረሀባቸው ምክንያት ማንንም አለመቆጣታቸው፣ ሥራቸውንም አለማጓደላቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን መሶብ እንመለስ። የእኛም የጾም ማዕድ እንደ ሳቡዳናው ሁለት መንገድ ከፊቱ ተዘርግቷል። በከተሞቻችን የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛና የጾም ክሬም የሚሸጡ ቤቶች በዝተዋል፤ በየሆቴሉ የሚዘረጋው የጾም በያይነቱም ከፍስኩ የማያንስበት ጊዜ አለ። ቅቤ የመሰለ ነገር ግን ቅቤ ያልሆነ፣ ወተት የመሰለ ነገር ግን ወተት ያልሆነ ስንፈልግ እንውላለን። ሥርዓቱን አላፈረስንም፤ ከተከለከለው አንዱንም አልቀመስንም። ነገር ግን ከጾሙ ቀን ሒሳብ ላይ ምንም አልተረፈም፤ ምናልባትም ወጪው ጨምሯል። እኛ እንዲነሣ የምንፈልገው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። ከጾማችን ማዕድ የተረፈው የት ሄደ?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ዘመን የተጻፈው የሄርማስ «እረኛ» የተሰኘው መጽሐፍ በግእዝ ተተርጉሞ በአገራችን ገዳም ተጠብቆ የኖረ፣ ወደ አውሮፓም ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1860 የታተመ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጾም የተሰጠው ምክር እጅግ ግልጽ ነው። የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ እንዲሰጥ ያዛል። ነቢዩ ኢሳይያስም እውነተኛውን ጾም የለካው በተራበውና በታረዘው በኩል መሆኑን በየዐቢይ ጾሙ ስንሰማ ኖረናል። በህንድም ቢሆን ጾሙ በማግስቱ ሲፈታ እንግዳን ማብላትና ለተቸገረ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ማዕዱ የተለያየ ቢሆንም ከማዕዱ የሚተርፈው ወዴት መሄድ እንዳለበት ግን የሚያከራክር አይመስልም።

ምናልባት «ኑሮ በተወደደበት ዘመን ከጾም ምን ይተርፋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው እውነት አለው። ሽሮና ጎመን ብቻ በልቶ ጾሙን የፈጸመ ድኻ ቤተሰብ ከማንም ዕዳ የለበትም፤ እንዲያውም ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለእርሱ ነው። ጥያቄው የሚመለከተው ከሥጋውና ከቅቤው የቀረውን ገንዘብ በሌላ ጣፋጭ የለወጠውን፣ ወይም ለትንሣኤ ቅርጫ አጠራቅሞ ያቆየውን ቤት ነው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ከ55 ቀን ውስጥ የአንዱን ሳምንት የተረፈ ዋጋ እንኳ በቅንነት ቢያሰላ፣ በአጥሩ ሥር ላለች አንዲት መበለት የበዓል ዶሮዋን ይገዛል።

ስለሆነም በእኛ አስተያየት ጿሚ ቤተሰብ ከህንዱ ሳህን ሦስት ነገር ቢማር ይጠቀማል። አንደኛ፣ የጎረቤትን የጾም ምግብ በራስ መስፈሪያ ሰፍሮ ማናናቅ አይገባም፤ የእኛም መሶብ በሌላው ቤት ፍስክ ነውና። ሁለተኛ፣ የጾም ምግብ ጣፋጭ ቢሆን ኃጢአት የለበትም፤ ደካማውን የሚያበረታ ሆኖ ሳለ የፍስኩን ቦታ ሊረከብ ሲነሣ ግን ሊጠረጠር ይገባዋል። ሦስተኛና ዋናው፣ ጾም የሚመዘነው ከሳህኑ ላይ በቀረበው ሳይሆን ከሳህኑ ላይ በተነሣው ነው። የተነሣው ነገር ወደ ድኻው እጅ ከደረሰ ጾሙ ሙሉ ሆኗል፤ ወደ ራሳችን ጓዳ ከተመለሰ ግን የምግብ ዓይነት ለወጥን እንጂ ብዙም አልጾምንም።

ጾሙ አልቋልና ይህን ማሰብ ዘግይቷል የሚል ካለ፣ አልዘገየም ብለን እንመልሳለን። በበዓሉ ሌሊት ዶሮው ሲወጣ፣ ድፎው ሲቆረስ፣ የጎረቤት ጭስ አለመውጣቱን ልብ የሚል ዓይን ያስፈልጋል። ከጾሙ የተረፈው እስካሁን በእጃችን ካለ የሚሰጥበት ትክክለኛ ቀን ዛሬ ነው። የሐዋርያት ጾምና ፍልሰታ በየተራቸው ሲመጡ ደግሞ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለመያዝ እግዚአብሔር ያብቃን።

ለክርስትና እምነት ተከታዮች በሙሉ የተራበ የሚጠግብበት፣ የተረሳ የሚታወስበት መልካም የትንሣኤ በዓል እንዲሆንላችሁ እንመኛለን።